ጊታርና ሞንታርቦ

«የሕይወት ታሪኩ ግን እንዴት እንዳማረ» አለች በር አጠገብ የተቀመጠችው ሴትዮ፣ ንፍሮውን መዳፏ ላይ እያንከባለለች። «የቀረ ነገር የለም። የተወለደበት አለ፣ የተማረበት አለ፣ የሠራበት አለ። ማን ነው የጻፈው?»

ትሩፋት ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። ሐዘንተኛ ፊቱን ቢሸፍን ምክንያቱን የሚጠይቀው የለም። ባሏ ትናንት ከተቀበረ ወዲህ ያገኘችው ጥቅም ቢኖር ይኼ ብቻ ነው።

«ልጃቸው ናት የጻፈችው» አለች ሌላዋ። «ሄርሜላ። ዩኒቨርሲቲ አይደለች እንዴ።»

ሄርሜላ የውሃ ጆግ ይዛ መሀል ቆማ ነበር። እናቷን ትንሽ ረዘም አድርጋ አየቻትና ወጣች። ትሩፋት ሰው ፊት በጥፊ የተመታች ያህል ፊቷ ጋለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቀብሩ ዕለት ጠዋት ሄርሜላ የአባቷን የሕይወት ታሪክ ስልኳ ላይ ጽፋ ለእናቷ አነበበችላት። መሀል ላይ «በወጣትነቱ ፊውዝ የተባለ የሙዚቃ ባንድ አቋቁሞ ጊታር ይጫወት ነበር፤ ባንዱም ‹በረት› የተሰኘ ካሴት አሳትሟል» የሚል ነበረበት።

«እሱን አውጪው» አለች ትሩፋት።

«ለምን?»

«የሚነበበው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነው።»

«ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ መዋሸት ይሻላል?»

«መዋሸት አይደለም። አለመናገር ነው።»

ሄርሜላ አጠፋችው። ደምሰውም «ለረጅም ዓመታት በኤሌክትሪክ ሙያ ቤተሰቡንና አካባቢውን ያገለገለ» ተብሎ ተቀበረ። ውሸት የለበትም። ከሀይሌ ጋርመንት ጀርባ ባለው ሰፈር ደምሰው ሽቦ ያልዘረጋበት፣ ሶኬት ያልቀየረበት ቤት ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ችግሩ የሕይወት ታሪክ የሚነበበው አንዴ ብቻ መሆኑ ነው። አፈር ከተመለሰ በኋላ «ይቅርታ፣ አንድ መስመር አስቀርተን ነበር» ብሎ ሰው የሚሰበስብ ታይቶ አይታወቅም።

ቀብሩ ላይ ደግሞ የማታውቃቸው ወጣቶች ነበሩ። ጥቁር ቲሸርት ለብሰዋል፤ አንደኛው ፀጉሩን ትከሻው ድረስ ለቆታል። ትሩፋት የሌላ ሰው ቀብር ተምታቶባቸው የመጡ መስሏት ነበር። የሕይወት ታሪኩ ተነቦ ሲያልቅ፣ ገና የሚቀጥል ነገር እንዳለ ሁሉ፣ አንገታቸውን እንዳሰገጉ ቀሩ። ከዚያ እርስ በርስ ተያዩ። ከኋላቸው ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ የቆመውን ሸበቶ ሰውዬ ግን አወቀችው። ዋቅጅራ ነበር፤ የፊውዝ ድራም መቺ። እሱም ሁሉንም ሰምቷል።

ያን ጊዜ ነው እፍረቱ የጀመራት። ሐዘኑ ቀስ ብሎ እየመጣ ነው፤ እሱ ተራውን እየጠበቀ ይመስላል። እፍረቱ ግን ቀድሞ ገብቶ ቦታውን ይዟል።

*

ዋቅጅራ ከሰዓት በኋላ መጣ። አንገቱን ደፍቶ ገባ፣ «እግዜር ያጽናሽ» አለ፣ ከግድግዳው ሥር አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎታል፤ ውስጥ የሸጎጠው ነገር ሰፊ ስለሆነ እንደልቡ መታጠፍ አልቻለም። ሴቶቹ ለእራት ጉዳይ ወደ ጓዳ እስኪገቡ ጠበቀ። ከዚያ ኮቱን ከፈተ።

«ነውር መሆኑን አውቃለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለቅሶ ቤት ዘፈን ይዞ አይመጣም። ግን መቼም...» የከንፈሩ ጫፍ ፈገግ አለ። «ዘፈን የለበትም።»

በጋዜጣ የተጠቀለለ ሸክላ ነበር። አዲስ ነው፤ ላስቲኩ እንኳን አልተቀደደም። ሽፋኑ ላይ በጭቃ የተመረገ በረት አለ፤ በሩ ላይ አራት ጎረምሶች ቆመዋል። ከእነሱ መሀል ቀጭኑ፣ ጎፈሬ ያለው፣ ጥጃ አንገት አቅፎ የሚስቀው ደምሰው ነው። ትሩፋት ይህን ሳቅ ካየች ስንት ጊዜዋ ነው። ላስቲኩ ላይ ጣቷን አሳረፈችና ወዲያው አነሳችው።

«ድጋሚ ታተመ» አለ ዋቅጅራ። «ከውጭ ሳጥኑ እንደደረሰኝ ወዲያው ደወልኩለት። ‹ደምሴ፣ መጣልህ!› ልለው። ስልኩን ያነሳችው ሄርሜላ ናት።»

ቀጥሎ የሆነውን መናገር አላስፈለገም።

ትሩፋት ስለ ድጋሚ ኅትመቱ ታውቅ ነበር። አላውቅም እንዳትል ደምሰው ነግሯታል። ከጥቂት ወራት በፊት እራት ላይ ነው። እጁን ሳይታጠብ ነበር የጀመረው፣ ነገሩ አላስችል ብሎት።

«ትሩፍዬ፣ ካሴቱን ድጋሚ ሊያሳትሙት ነው።»

«የትኛውን ካሴት?» አለች። የትኛውን እንደሆነ በደንብ ታውቃለች። ደምሰው በዕድሜው ያሳተመው ካሴት አንድ ነው።

«የድሮውን። ውጭ ያሉ ሰዎች ናቸው። ዋቅጅራን ፈልገው አገኙት። በሸክላ ነው የሚያወጡት።»

«በዚህ ዕድሜህ?»

ደምሰው ሳህኑን አየ። «አዎ፣ እሱስ» አለ። ከዚያ ውሃ ስለሚመጣበት ቀን አወሩ። እሱ ነበር ወሬውን ያዞረው፤ እሷን እንዳያስቸግራት። ሰውዬው ሲበዛ ጨዋ ነበር፤ አሁን የሚያንገበግባትም ይኸው ነው። አንዴ እንኳ ቢጮህባት ኖሮ ዛሬ የምትይዘው ነገር ይኖራት ነበር።

«አንድ ካሴት ብቻ ነበር የቀረኝ» አለ ዋቅጅራ። «ከሱ ነው ያተሙት። የቀረውን ካርቶን ሙሉ ካሴት ሙዚቃ ቤቱ ጣለው ብሎኝ ነበር ደምሰው። በጣም ነው ያዘንኩት።»

ትሩፋት ነጠላዋን እንደገና ሳበች። ሙዚቃ ቤቱ አልጣለውም። ደምሰው ለጓደኛው ዋሽቶላታል፤ ሃያ ዓመት ሙሉ።

ዋቅጅራ ሸክላውን ገልብጦ ጀርባውን አሳያት። የአራቱ ስምና የሚጫወቱት መሣሪያ ተጽፏል። ከደምሰው ስም አጠገብ «ጊታርና ሞንታርቦ» ይላል።

«ሞንታርቦ ምን ይጫወቱታል?» አለች። ድምፅ ማጉያ ሳጥን ነው፤ ሠርግና ለቅሶ ላይ የሚቆም፣ ድንኳኑም ውስጥ አሁን የቆመው።

«እሱ ይጫወተው ነበር። የካሴቱ መጀመሪያ ላይ ምንም የለም፤ ሞንታርቦው ተከፍቶ የሚያሰማው እምምታ ብቻ ነው። ውጮቹ ብልሽት መስሏቸው ሊያጸዱት ነበር። ደምሰው ያንን ካነሳችሁ አላሳትምም አለ። እሱን ታውቂው የለ፣ እምቢ የማያውቅ ሰው። ‹መግቢያው እሱ ነው› አላቸው። ቀብሩ ላይ ያየሻቸው ልጆችም ካሴቱን ከእኔ ሰምተው የወደዱት ናቸው።»

ሄርሜላ ከኋላቸው ቆማ ትሰማ ነበር። «ጋሼ፣ ሙዚቃውን በቴሌግራም መላክ ይችላሉ?» አለች። ዋቅጅራ ትሩፋትን አየ። ትሩፋት መሬቱን አየች። ላከላት።

*

ደምሰው ከመሞቱ በፊት ሰፈሩ ውስጥ ሙዚቀኛ መሆኑን የማያውቀው አዲስ ገቢው ነው። ነባሩ ግን መብራቱ ሲጠፋ ነበር የሚያውቀው። አራቱ ልጆች የእትዬ ገዲሴን ባዶ በረት ተከራይተው፣ ከጎረቤት ሽቦ ስበው ሲለማመዱ የመንደሩ ፊውዝ ይቃጠላል። ሰው ወጥ አጋምሶ ጨለማ ውስጥ ይቀራል። «ልጆቹ ጀመሩ» ይባላል። ስማቸውንም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ፊውዙን የሚቀይረው ግን ራሱ ደምሰው ነበር፤ የኤሌክትሪክ ሙያውም ከዚያ የመጣ ነው ማለት ይቻላል።

ሙዚቃው ደግሞ ሙዚቃ አይመስልም ነበር። ጊታሩ አንድ ቦታ ላይ ይቆምና እዚያው ይዞራል፤ ድራሙ ሌላ ነገር ያስባል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ዘፋኝ የሌለው መሆኑ ነው። ካሴቱ የወጣ ሰሞን ሙዚቃ ቤቱ በር ላይ ሲለቁት ሰዎች ቆመው ይሰሙና «ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?» ይላሉ። የካሴቱ አንድ ጎን እስኪያልቅ የጠበቀ ሰውም ነበር። በመጨረሻ ባለሙዚቃ ቤቱ ደንበኛ እየሸሸበት ካርቶኖቹን መለሰ።

ትሩፋት ደምሰውን የወደደችው የሰንበት ትምህርት ቤቱን ማይክ ሊጠግን መጥቶ ነው። አባቷ «ምን ይሠራል?» ሲሏት «ኤሌክትሪክ» አለች። አዝማሪ እንዳይሉት ነው። አንዴ ግን ደምሰው ይህን ሲሰማ ስቆ «አዝማሪስ ይዘፍናል» አላት። ሳቀች። ያን ዕለት ከልቧ ነበር የሳቀችው።

ካርቶኖቹ አልጋው ሥር ገቡ። በዚያው ዓመት ሰንበት ትምህርት ቤቱ መዝሙር ቀድቶ ሊሸጥ ፈልጎ ባዶ ካሴት ተወደደበት። ትሩፋት ደምሰው ሥራ በሄደበት ካርቶኖቹን አወጣች። የታተመ ካሴት ጀርባው ላይ ያለችውን ቀዳዳ በወረቀት ከደፈኑለት ሌላ ይቀዳበታል። ሴቶቹ ተሰብስበው ሲደፍኑ ዋሉ፤ እሷም ከነሱ ጋር ደፈነች። ሽፋኑን ለመቀየር ገንዘብ አልነበረም። ስለዚህ ብዙ ሰው ቤት ላዩ ላይ አራት ጎረምሶችና አንድ ጥጃ ያሉበት፣ ውስጡ መዝሙር የሆነ ካሴት ገባ።

ደምሰው ማታ መጥቶ ጫማውን ሊያስቀምጥ ጎንበስ ሲል ባዶውን አየ። እዚያው እንዳጎነበሰ ቆየ።

«ለጥሩ ነገር ነው» አለች።

«ይሁን» አለ። «ቢያንስ ሰው ቤት ገቡ።»

ከዚያ ወዲህ ስለ ካሴቶቹ አላነሱም።

*

አመሻሽ ላይ እትዬ ገዲሴ መጥተው ከፍራሹ ጫፍ አጠገቧ ተቀመጡ። የበረቱ ባለቤት የነበሩት ናቸው። መሬቱ ከተማ ሆኖ ካለቀ በኋላ ላሞቻቸውን ሸጠው ትንሽ ሱቅ ከፍተዋል፤ አሁንም ግን ሰማይ ሳያዩ ከቤት አይወጡም።

«ያ ድራም የሚመታው ልጅ መጥቶ ነበር አሉ» አሉ።

«መጥቶ ነበር።»

«አርጅቷል። ያኔ እኮ በሬ ነው የሚያህለው።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ያን ካሴት እኔም አለኝ። አንቺ ነሽ የሰጠሽኝ፣ የመዝሙሩን።»

ትሩፋት ቀና ብላ አየቻቸው።

«መዝሙሩ አጠር ይላል፣ ካሴቱ ይረዝማል። መዝሙሩ ሲያልቅ ከሥሩ የኔ በረት ይመጣል። የነሱ ነገር። መጀመሪያ ገርሞኝ ላጠፋው ስል ጥጃዬ ጮኸች።» እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ለቅሶ ቤት ስለሆነ ሳቃቸውን ለመያዝ ነው። «ቡሬዋ። ስትቀረጽ ውስጥ ነበረች። ላሞቹን ከሸጥኩ በኋላ ካሴቱን የምከፍተው ለመዝሙሩ አልነበረም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ያቺን ጥጃ ልሰማ ነው። ስሰማው ስሰማው ደግሞ የልጆቹን ነገር ለመድኩት።»

«እትዬ ገዲሴ፣ ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ምን ልበል? አንቺ አፍረሽ ነው። ያፈረን ሰው ይገፉታል እንዴ?» ጉልበቷን መታ መታ አደረጓት። «ለሱ ግን ነግሬዋለሁ። ለሱቄ መብራት ሲያስገባልኝ ‹ያንተን ነገር እሰማለሁ› አልኩት። መሰላሉ ላይ ቁጭ አለ። ‹እስከ መጨረሻው ይሰማሉ?› አለኝ። ‹እስከ መጨረሻው› አልኩት። የመብራቱን ዋጋ እምቢ አለ። በይ አልቅሺ፣ ኢንተላ ኮ። ልጄ፣ ደርቀሽ አትቅሪ።»

ማልቀስ አልቻለችም። ባሏን እስከ መጨረሻው የሰማችው ጎረቤቷ ናት። እሷ አንድ ጎን እንኳን አልጨረሰችም።

*

በሰልስቱ ጠዋት፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ሲዘጋጁ፣ ትሩፋት ልጇን ፈልጋ መኝታ ቤት ገባች። ሄርሜላ ጥቁር ልብሷን ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ በሁለቱም ጆሮዋ ማዳመጫ አድርጋለች።

«አንቺ ልጅ» አለች ትሩፋት፣ በሩን ቶሎ ዘግታ። «በአባትሽ ሰልስት? ሰው ቢያይሽስ?»

ሄርሜላ ማዳመጫውን አላወለቀችም። «ይየኝ።»

«ምን ይሉናል?»

«እማዬ፣ አንቺ ምንጊዜም ምን ይሉናል ነው። አባዬ እኮ ምን እንዳልነው ሳይሰማ ሄደ።»

ትሩፋት ልትቆጣ እጇን ሰነዘረች፤ ልትቀማት ነበር። አንደኛው ማዳመጫ እጇ ላይ ቀረ። ትንሽ አየችው። ከዚያ አልጋው ላይ ተቀመጠችና ጆሮዋ ውስጥ ከተተችው። ሄርሜላ ከመጀመሪያው አስጀመረችላት።

ምንም የለም። ከዚያ እምምታ አለ፣ ቀፎ ውስጥ እንዳለ ንብ። ጊታርም ድራምም የለም፤ እምምታው ብቻ ይቆያል፣ ይቆያል። ይህን ድምፅ ታውቀዋለች። መቶ ጊዜ ሰምታዋለች፣ ቆማ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እያለቀሰች።

ሄርሜላ የተወለደች ጊዜ ቤቱ ጠቦ ነበር። ትሩፋት «ወይ የልጅቷ አልጋ ወይ ይኼ ሳጥን» አለችው። ባንዱም ያኔ ተበትኗል። ደምሰው ሞንታርቦውን ለሰፈሩ ዕድር ሰጠ፤ የጠየቀው ነገር ቢኖር ማንም እንዳይነካው፣ እሱ ራሱ እንዲያንቀሳቅሰው ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ውስጥ የሞተ ሰው ሁሉ የሕይወት ታሪኩ የተነበበው በዚያ ሳጥን ነው። ሁልጊዜም ያው ነበር። ደምሰው ሳጥኑን ይከፍተዋል፤ ማይኩን ግን ለማንም አይሰጥም። መዳፉን ላዩ ላይ አሳርፎ አንገቱን ደፍቶ ይቆማል። ሳጥኑ እምም ይላል። የዕድሩ ዳኛ አቶ ዳዲ ትዕግሥታቸው ያልቅና «ደምሰው፣ አልሞቀም እንዴ?» ይሉታል። እሱም «ገና ነው» ይላል። ሰውም እየጠበቀ ዝም ይላል። ሳል እንኳ ይጠፋል። ሁሉም ዝም ሲል ማይኩን ያቀብላቸዋል።

ሳጥኑ እየሞቀ ይመስላት ነበር። እሷም፣ አቶ ዳዲም፣ ሰፈሩም። ሃያ ዓመት ሙሉ ለጎረቤቱ ሁሉ ሬሳ መግቢያውን ሲጫወትላቸው ኖሯል።

ለሱ ለራሱ ግን ማንም አልተጫወተለትም። ዕድሩ የመደበው ሰው ቁልፉን ሲያዞር ሳጥኑ ሲጥ ብሎ ጮኸና ወዲያው ንባቡ ተጀመረ፤ ንባቡም እሱ ያልሆነ ሰው ታሪክ ነበር።

ጆሮዋ ውስጥ ጊታሩ ገባ። ትሩፋት ማዳመጫውን አወለቀች።

«አልወደድሽውም?» አለች ሄርሜላ።

«አላውቅም» አለች ትሩፋት። እውነቷን ነበር። «መግቢያውን አውቀዋለሁ።»

*

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለመጣው ሰው ምሳ ቀረበ። ድንኳኑ ከሰዓት በኋላ ይነሳል። እንደ ወጉ አቶ ዳዲ ተነስተው በቤተሰቡ ስም ያመሰግናሉ፣ ቄሱ ይጸልያሉ፣ ሰውም ይበተናል። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ አንድ ቦታ የሚሰበሰበው ለሌላ ሰው ሞት ነው። ትሩፋት ይህንን ከጠዋት ጀምሮ ስታስበው ነው የዋለችው። ዝም ካለች ደምሰው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኖ ይቀራል፤ ከተናገረች ደግሞ ያወጣችው እሷ መሆኗን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ሁለቱንም ፈራች። አንዴ ተነስታ መልሳ ተቀመጠች።

አቶ ዳዲ ድንኳኑ ውስጥ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰማች። ያን ጊዜ ተነሳች። ሴቶቹ የከፋት መስሏቸው ሊደግፏት ተጠጉ፤ ሄርሜላ ቀድማ ክንዷን ያዘች።

ድንኳኑ ውስጥ ስትገባ ካርታ የሚጫወቱት ወንዶች ካርታቸውን ጭናቸው ላይ ደበቁ። ዋቅጅራና ወጣቶቹ ከጥግ ተቀምጠዋል። እትዬ ገዲሴ ከመግቢያው አጠገብ ናቸው። ሞንታርቦው ከምሰሶው ሥር እንደቆመ ነው፤ ፊቱን የሸፈነው ጨርቅ አንድ በኩል ተቀዶ በክር ተሰፍቷል። የሰፋው ደምሰው መሆኑን ስፌቱ ይናገራል፣ ሽቦ የሚያስር ሰው ስፌት ነው።

«ጋሽ ዳዲ» አለች፣ «እኔ ልክፈተው።»

«ምኑን፣ ልጄ?»

«ሞንታርቦውን።»

አቶ ዳዲ ግራ ገባቸው። «የምትይው ካለ ንገሪኝና እኔ እናገርልሻለሁ። አንቺ ሐዘንተኛ ነሽ፣ ተቀመጪ።»

«እኔው ልናገረው፣ ጋሼ።»

ቦታውን ለቀቁላት፤ ማይኩንም አቀበሏት። ትሩፋት ቁልፉን አዞረች። ደምሰው ስንት ጊዜ ሲያዞር እንዳየችው ቀስ አድርጋ ነው ያዞረችው። ቀይዋ መብራት በራች። ሳጥኑ እምም አለ።

ሰው መናገሯን ጠበቀ። ትሩፋት አልተናገረችም። ከኋላ አንዱ «ሠራ?» አለ፤ ሌላው «ይሰማል፣ ይሰማል» አለው። አንዲት ሴት «ምን እስኪሆን ነው?» ብላ ሹክ አለች። ጥግ ላይ ግን ያ ረጅም ፀጉር ያለው ወጣት ቀና አለ። አጠገቡ ያለችውን ልጅ በክንዱ ነካት። ሁለቱም ተነሱ፣ ከዚያ የቀሩት ወጣቶች ተነሱ። ዋቅጅራ አልተነሳም። ዓይኑን ጨፍኗል፤ ጉልበቱ ላይ ያሉት ሁለት ጣቶቹ ተነስተው ጊታሩ የሚገባበትን ቦታ እየጠበቁ ነው። ቦታው መጣ። ጊታሩ አልገባም። ዋቅጅራ ጣቶቹን ጉልበቱ ላይ መልሶ አስቀመጣቸው።

ሳል እንኳን ጠፋ።

«ደምሰው ሙዚቀኛ ነበር» አለች ትሩፋት። ድምፅዋ ከሳጥኑ ሲወጣ የሌላ ሰው መሰላት። «ሄርሜላ ጽፋው ነበር። የሕይወት ታሪኩ ላይ አልሰማችሁትም፣ ያስወጣሁት እኔ ነኝ። አፍሬ ነው።»

ማይኩን ወደ አፏ አስጠጋች።

«አንድ ካሴት አለው። ‹በረት› ነው የሚባለው። አሁን ድጋሚ ታትሟል። እናንተም ቤት አለ፤ ጥጃ ያለበት ሽፋን፣ የመዝሙሩ። እሱ የደምሰው ነበር። እኔ ነኝ የሰጠኋችሁ፣ ሳልጠይቀው።»

ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ እጇን ጉንጯ ላይ አደረገች፤ ካሴቶቹን አብራት ስትደፍን የዋለች ናት። ትሩፋት ተጨማሪ የምትለው ነበራት። አስባው ነበር የመጣችው፣ ስለ እራቱ፣ ስለ ሳጥኑ፣ በየቀብሩ ላይ ሲያደርግ ስለነበረው። ግን እንባው ያን ጊዜ መጣ፣ ሳታዝዘው፣ ሰው ሁሉ ፊት። ነጠላዋን አልሳበችም።

ማይኩን ለሄርሜላ ሰጠቻት። ሄርሜላ አባቷ እንደሚያደርገው ገመዱን በክንዷ ላይ ሰብስባ ያዘች። ሞንታርቦው እምም ማለቱን ቀጥሏል። እትዬ ገዲሴ ወገባቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተነሱ፤ እሳቸውን አይቶ ሌላውም ሰው አንድ በአንድ ተነሳ። ብዙዎቹ ለምን እንደተነሱ አላወቁም። ለቅሶ ላይ ሰው ሲነሳ ይነሳል።

አቶ ዳዲ ሰዓታቸውን አዩ። ጸሎቱ ይቀራል፣ ድንኳኑም መነሳት አለበት። በቀስታ ወደ ሳጥኑ ተጠግተው እጃቸውን ወደ ቁልፉ ዘረጉ፤ ግን አልነኩትም። ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር መጣ፣ የቆየ ነገር እንዳስታወሰ ሰው።

«አልሞቀም እንዴ?» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ትሩፋት መዳፏን የሳጥኑ አናት ላይ አሳረፈች፤ እሱ ሁልጊዜ በሚያሳርፍበት፣ ቀለሙ ለቆ እንጨቱ በወጣበት ቦታ።

«ገና ነው» አለች።